ስለ ሕፃኑ ልንገርሽ

ውዴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ የጠፋሁት በደህና አይደለም። የኮምቦልቻዋ ታናሽ እህቴ ልጅ ታሞብን ነው የከረምነው። አሁን ትንሽ እፎይ ስላልኩ ሁሉንም ልጻፍልሽ።

በትኩሳት ነው የጀመረው። ገና አራት ወሩ ነበር። የሽንት ኢንፌክሽን ይሆናል ብለው አልትራሳውንድ ሲያነሱት፣ ከግራ ኩላሊቱ በላይ ትንሽ እብጠት ታየች። ሪፈር ተጽፎ አዲስ አበባ ሄድን። ኒውሮብላስቶማ አሉት። ከነርቭ መነሻ ሕዋሳት የሚመጣ የሕፃናት ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል እጢ ላይ ይበቅላል። ሽንት ውስጥም ምልክት ስለሚተው እሱንም መረመሩ።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ኬሞ የለ፣ ኦፕራሲዮን የለ። «እየተከታተልን እንጠብቃለን» አሉን። እናቴ አበደች። «ካንሰር ነው እያሉ ባዶ እጃችንን ይሸኙናል? ድሃ ስለሆንን ነው!» አለች። እኔም አልተዋጠልኝም። ሐኪሟ ናት ቁጭ ብላ ያስረዳችን።

ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ባሉ ሕፃናት የዚህ በሽታ ጠባይ ሌላ ነው። እብጠቱ ትንሽ ከሆነና ካልተሰራጨ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሟሽሻል። ጉበትና ቆዳ ላይ ደርሶ እንኳ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ጃፓን ከ1980ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ይሄንኑ በሽታ ፍለጋ የስድስት ወር ሕፃናትን ሽንት በአገር ደረጃ ትመረምር ነበር። ብዙ ልጅ ተገኘ፣ ታከመ። የሟቹ ቁጥር ግን እንደታሰበው አልቀነሰም። ከተገኙት ብዙዎቹ ሳይነኩም የሚድኑ ነበሩ። ሃያ ዓመት ገደማ ሄደው ተዉት። ይሄን ስሰማ ነው ልቤ የተመለሰው።

ሁሉም ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። ከፍ ያለ ልጅ ላይ አጥንት ውስጥ ከገባ፣ ኬሞውም ጨረሩም ተደርጎ ከባድ ነው። የኛም ካደገበት ሕክምና ይጀምራል።

እስካሁን አልትራሳውንዱ ይደጋገማል። መጀመሪያ ባለበት ቆመ፤ ባለፈው አነሰ! ሆዱ ከተነፋ፣ ትንፋሹ ከከበደ፣ ዓይኑ ዙሪያ ከበለዘ ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ ከተወ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት ብለዋል። እህቴ ሌሊት ሳይቀር እየተነሳች እግሩን ትኮረኩራለች። እሱ ምን ገዶት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሲስቅ ነው የሚውለው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቀጣዩ ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው። ባለፈው አልጋ ይዘን ነበር፣ ዋጋው አይነሳ። ቤትሽ ማረፍ እንችላለን? ፍራሽ ይበቃናል። በርበሬና ቅቤ ይዤልሽ እመጣለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ደውዪልኝ።