ጀበናችን ከቅርብ ሲታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ስለ ጅማ በጻፈ ቁጥር የሚያወጣው ፎቶግራፍ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወይም የቡና ደን መሆኑ ባያስከፋኝም፣ የየቤታችን ጥቃቅን ዕቃዎች ቦታ ማጣታቸው ይቆጨኛል። እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በጣም ከቅርብ የሚያነሳው ማክሮ ፎቶግራፍ በጥብቅ ትርጉሙ የዕቃው ምስል በካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ላይ ቢያንስ በእውነተኛ መጠኑ፣ ማለትም 1 ለ 1፣ ሲያርፍ ነው፤ በዚያ ቅርበት ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ካሜራውን በእጅ ይዞ ማንሳት አስቸጋሪ ነው። ባለፈው እሑድ ካሜራዬን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሬ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ የጀበናችንን አፍ ሳነሳ፣ በሸክላው ስንጥቅ የደረቀው አተላ የተሰነጣጠቀ የበጋ መሬት መስሎ ወጣ፤ ባለቤቴ ግን ያየችው በደንብ ያልታጠበ ጀበና ነው። በየሳምንቱ አንድ እንዲህ ያለ ምስል የዕቃው ስም ሳይገለጽ ታትሞ፣ መልሱ በቀጣዩ ዕትም ቢወጣ አንባቢም ይገምት ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ