ራስሽ እንድታነቢው

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ለጎረቤት ልጅ ሳትሰጪ ራስሽ እንድታነቢው ነው። የምነግርሽ ነገር የቤታችንን ገመና ይነካልና መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

በስልክ እንደነገርኩሽ፣ ማታ ማታ የግለ ታሪክ አጻጻፍ እየተማርኩ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ አንቺ ነበር። «እናቴ ብዙ መከራ አይታ አሳደገችኝ» ብዬ ጀመርኩ። መምህራችን ከሥሩ በእርሳስ አስምሮ «ይህች የማን እናት ናት?» ብሎ ጻፈበት። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ደጋግሜ ሳነበው ግን እውነቱን ነበር። የሰፈራችን እናቶች ሁሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ፤ አንቺ የለሽበትም።

ቀደድኩትና ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። የባለሱቁን ባንኮኒ፣ ሰማያዊውን የማኅተም ቀለም፣ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን አውራ ጣትሽን። ከሱቁ ስንወጣ ጣትሽን በነጠላሽ ጫፍ ብትጠርጊው፣ ብትጠርጊው ቀለሙ አልለቅ አለሽ። የተበደርሽው 40 ብር፣ ወረቀቱ የሚለው 60 ብር። ይህን ያወቅሽው በኋላ ነው፤ ጠላ እየጠመቅሽ 60ውንም ከፈልሽ። ከዚያ ወዲህ፣ ይህን ጽሑፍ እስክጀምር ድረስ፣ በቤታችን ይህ ነገር ተነስቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በረቂቁ ላይ «እናቴ መንገድ ላይ አለቀሰች» ብዬ ነበር። ታላቅ እህቴ አንብባው «እማዬ መቼ አለቀሰች? ያለቀስሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሰረዝኩት። እንባው ጽሑፉን ያሳምረው ነበር፤ ግን ያንቺ አልነበረም። ያን ቀን ዝናብ ነበር ብዬ በጻፍኩት ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እሷ ፀሐይ ነበር ትላለች። ስለዚህ «እኔ እንደማስታውሰው» ብዬ አስቀመጥኩት።

የዕዳውን ዓመት ስጠይቅሽ «ከአብዮቱ በኋላ፣ ፊደል ሳልቆጥር» ብለሽኝ ነበር። ይህ አነጋገርሽ ብዙ ረድቶኛል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው፤ ሣጥንሽ ውስጥ ያለው የምስክር ወረቀት ደግሞ 1972 ይላል። ዕዳው ከዚያ በፊት ነው ማለት ነው፤ እኔም ሰባት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያን ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም መንገዱን ሲሸፍነው፣ ጠላውን ለእህቴ ትተሽ እጄን ይዘሽ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ስትሄጂ ትዝ ይለኛል። 231ዱን ፊደል ከእኔ ቀድመሽ አወቅሽ። አንድ ቀን ማለዳ ስነቃ ስምሽ በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፎ አገኘሁት፤ የመጨረሻው ፊደል ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ አላየሁም።

አሁን ወደ ቸገረኝ ነገር ልምጣ። የምስክር ወረቀቱን በተቀበልሽ ሰሞን ወደዚያ ሱቅ ብቻሽን ሄደሽ ነበር። ለምን እንደሄድሽ፣ ባለሱቁን ምን እንዳልሽው፣ እሱስ ምን እንደመለሰልሽ አላውቅም። ስትመለሺ ያየሁት ፊትሽን ብቻ ነው። ንግግሩን ከራሴ ፈጥሬ ልሞላው እችል ነበር፤ በአንቺ አፍ ያላልሽውን ቃል ማስገባት ግን አልሆነልኝም። ያቺን ገጽ ባዶ ትቻታለሁ።

የባለሱቁን ስም አላነሳሁም፤ ልጆቹ አብረውን ያደጉ ናቸው። ለዓመታት የሸፈንሽውን ገመና ያለ ፈቃድሽ አደባባይ አላወጣም። «ይቅር» ካልሽኝ ጽሑፉ ከእኔ ዘንድ ይቀራል፤ አልቀየምሽም።

ከፈቀድሽልኝ ግን ያቺን ገጽ አንቺ ጻፊያት። ከደብዳቤው ጋር መስመሩ ሰፋ ያለ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ልኬልሻለሁ። እጅሽን ካመመሽ በቀን ሁለት መስመር ይበቃል። የፊደል ስህተት ብለሽ አትጨነቂ፤ አንዱንም አላርመውም።

ልጅሽ