አልጌ ማጥፊያ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በአኳሪየማችሁ (በዓሣ ገንዳችሁ) ውሃ፣ መስታወትና ተክል ላይ የሚወጣውን አልጌ የሚያጠፋ ፈሳሽ ፈልጋችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ «መብራታችሁ በቀን ለስንት ሰዓት ይበራል?» ብለን ነው። አንዳንዶቻችሁ «ዕቃውን ስጡንና እንሂድ፤ ይሄ ሁሉ ምርመራ ምንድነው?» ትሉናላችሁ። እውነታችሁን ነው። ጠርሙሱን ሸጦ መሸኘት ለእኛም ይቀለናል። ችግሩ አልጌው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ለምን እንደምንጠይቅ እንድታውቁልን ይህን ጻፍን። በተለይ ከ20 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ፣ ተክል ያለበት ትንሽ አኳሪየም ላላችሁ ነው።

አልጌ የሚኖረው ተክሎቻችሁ በሚኖሩበት ነገር ነው። ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ። ተክል ግን ከእነዚህ አንዱ ከጎደለበት ዕድገቱ ይቆማል። አልጌ በትንሹም ይኖራል፤ የደከመ ቅጠል ካገኘም እላዩ ላይ ይለጠፋል። ተክሉ ደህና በሚያድግበት ገንዳ ውስጥም አልጌ አለ። ዓይን ውስጥ አይገባም እንጂ።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው መብራቱ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ የበራ መብራት ማታ ሲተኛ ይጠፋል፤ ይህ 14 ወይም 15 ሰዓት ማለት ነው። ለአዲስ ገንዳ 6 ሰዓት ይበቃል። ተክሎቹ ሥር ይዘው አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምሩ ቀስ በቀስ ወደ 8 ማድረስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ለአልጌው ነው። ሰው ይረሳል፤ ስለዚህ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ይኑራችሁ። አልጌን በተመለከተ ከምንሸጠው ዕቃ ሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው ብንል አላጋነንም። መብራቱ ከበረታና መቀነሻ ከሌለው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ወይም ተንሳፋፊ ተክል ጨምሩበት። ተንሳፋፊ ተክል ጥላ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ከአየር ስለሚያገኝ በፍጥነት አድጎ በውሃው ውስጥ ያለውን ትርፍ ምግብ ይወስዳል። ገንዳው መስኮት ሥር ሆኖ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ከሆነ ግን ታይመሩ ብቻውን አያድናችሁም። ቦታ ቀይሩለት።

ሁሉም አልጌ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ ገንዳ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ዲያተም ይባላል። በጣት ሲነኩት ይለቃል፤ ገንዳው ሲረጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ለእሱ ብላችሁ ምንም አትግዙ።

መስታወቱና አኑቢያስ የተባለው ተክል ቅጠል ላይ የሚለጠፈው ድርቅ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ከመስታወት በምላጭ ተፍቆ ይወርዳል። ገንዳው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ምላጭ ይቧጭረዋል፤ በፕላስቲክ ካርድ ፋቁት። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ብርሃን በዝቶ ፎስፌት (ተክሉ ፎስፈረስ የሚያገኝበት ምግብ) ሲያንስ ነው። «ማዳበሪያ ጨምሩ» የምንላችሁ ለዚህ ነው፤ እናንተ ግን ትስቁብናላችሁ። አልጌን የሚያመጣው ማዳበሪያ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ውሃው ውስጥ ናይትሬት (ተክሉ ናይትሮጅን የሚያገኝበት ምግብ) ዜሮ ሆነልኝ ብሎ ደስ የሚለውም ጥቂት አይደለም። ተክል ላለበት ገንዳ ዜሮ ጥሩ ዜና አይደለም። በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ናይትሬት ቢኖር ምንም ችግር የለውም። በረሃብ ቀድሞ የሚሞተው ተክሉ ነው። አልጌን የሚጋብዘው የዓሣ ምግብ ትራፊና የሞተ ቅጠል ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ ነው። ለዓሦቹ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጡ። የበሰበሰ ቅጠልም ቶሎ ቁረጡ።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነባችሁ ደግሞ ውሃ በመቀየር ብቻ አይለቅም። በየቀኑ የሚባዛ፣ በዓይን የማይለይ አልጌ ነውና። ገንዳውን በወፍራም ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት፤ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ብርሃን አይግባበት። እየገለጣችሁ አትዩ! በዚህ ጊዜ አየር መንፊያው ይሥራ። ጤነኛ ዓሦች ይችሉታል። ስትገልጡት ግማሹን ውሃ ቀይሩ።

ጥቁር ጢም የመሰለው አልጌ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ጋዙ መብራቱ ከሚበራበት 1 ወይም 2 ሰዓት ቀድሞ ይከፈት፤ መጠኑም ቀን በቀን አይለዋወጥ። የተያዘውን ቅጠል መቁረጥ ይሻላል። ድንጋይና እንጨት ላይ ከሆነ ደግሞ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) አጥፉ፤ በስሪንጅ በቀጥታ አልጌው ላይ ቀስ ብላችሁ ልቀቁበት፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ፊልተሩን አብሩ። ለ10 ሊትር ውሃ ከ2 ሚሊ ሊትር አትለፉ፤ ከ3 በመቶ የበረታውን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ሞስ የተባለው ተክልና ሽሪምፕ ካላችሁ ከዚያም ቀንሱ። በቀናት ውስጥ ወደ ሮዝ ከተቀየረ ሞቷል ማለት ነው።

ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ ሲነሳ እንደ ስስ ጨርቅ የሚገፈፍና የሚሸት ነገር ካያችሁ ግን አልጌ አይደለም፤ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በቱቦ ምጠጡት፣ የውሃውን ዝውውር አሻሽሉ፣ ጨለማውንም ሞክሩ። በአንቲባዮቲክ አትጀምሩ፤ ፊልተራችሁ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ከአልጌ ማጥፊያዎች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። በአንድ ጊዜ የሞተ ብዙ አልጌም ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ አሞኒያ ይለቃል። ያ አሞኒያ ለቀጣዩ አልጌ ምግብ ነው። 20 ሊትር ውስጥ በመጠን መሳሳት ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዘው ቦታ ሲቀነስ ውሃው 20 ሊትር እንኳ አይሞላም።

በሳምንት አንድ ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሽ ውሃ ቀይሩ፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያጠፋውን ፈሳሽ አትርሱ። የፊልተሩን ስፖንጅ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ እጠቡት። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

አልጌ የሚበሉ እንስሳትም ያግዛሉ፤ ሥራውን ግን አይተኩላችሁም። ፀጉር መሰሉን አልጌ የሚወደው አማኖ ሽሪምፕ ነው። ስሙን ያገኘው ለዚህ ሥራ ካስተዋወቀው ከጃፓናዊው ፎቶግራፈር ታካሺ አማኖ ነው። መስታወት ለማጽዳት ኔሪት ቀንድ አውጣን የሚያህል የለም። እንቁላሉ ጨው በሌለው ውሃ አይፈለፈልም፤ ነጭ ነጥቡ ግን እንጨቱ ላይ ይቀራል፣ ኋላ እንዳታማርሩብን። ኦቶሲንክለስ የተባለው ትንሽ ዓሣ በቡድን ነው የሚኖረው፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ፕሌኮ የተባለው ዓሣ ሲገዛ ጣት ያክላል፤ የተለመደው ዓይነት ግን ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ለ60 ሊትር ገንዳ ብትጠይቁን አንሸጥላችሁም።

ምንም ነገር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ 2 ወይም 3 ሳምንትም ታገሡ። መብራቱን፣ ማዳበሪያውንና ጋዙን በአንድ ቀን ከነካካችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ካልሆነላችሁ የገንዳውን ፎቶ መብራቱ በርቶ አንሡና ላኩልን። ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ከተሞላ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ መብራቱ ለስንት ሰዓት እንደሚበራና ውሃ መቼ እንደቀየራችሁ አብራችሁ ጻፉልን። ይህን አይተን ፈሳሹ ያስፈልጋል ካልን መጠኑን አስልተን እንሰጣችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች