ገንዘቡን ባንዴ አላወጣውም

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሑድ ስትደውል «እማዬ፣ ዕድሜሽ ከደረሰ የጡረታ ቁጠባሽን ሁሉንም አውጪውና አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እንግዛበት» ያልከኝን ሳስበው ሰነበትኩ። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁህም። አንተ ስትቸኩል የምለው ይጠፋብኛል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። እዚህ አሜሪካ ሆቴል በቀን 14 ክፍል ሳጸዳ፣ ፍራሽ ሳነሳ ወገቤ የተቆረጠበት ነው። መጀመሪያ 401ኬ የሚሉትን፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ ለጡረታ የሚቀመጠውን፣ አልፈለግኩትም ነበር። እቁብ ይሻለኝ ነበር፤ ተራህ ሲደርስ በእጅህ ትቆጥረዋለህ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ናት በምሳ ሰዓት ቼኬን ከእጄ ተቀብላ «ይኸውልሽ፣ አንቺ 30 ዶላር ስታስቀምጪ ሆቴሉም 30 ይጨምርልሻል፣ ታክስም አሁን አይቆረጥበትም» ብላ ያሳመነችኝ። ያቺን «አሁን» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም። ታክሱ ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ሥራ ሳቆም ወደ አይአርኤ፣ በራሴ ስም ወደተከፈተ የጡረታ ሒሳብ፣ አዞርኩት፣ እዚያም ታክሱ እየጠበቀኝ ነው።

ዘንድሮ 73 ሞላኝ። የተወለድኩት መጋቢት 1945 ነው፣ በፈረንጁ 1953። በዚህ ዕድሜ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በየዓመቱ ቢያንስ ይህን ያህል አውጪ ይላል፤ አርኤምዲ ይሉታል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ባለፈው ዲሴምበር 31 ሒሳቤ ላይ 212 ሺህ ዶላር ነበረ። ለ73 ዓመት የተመደበው ማካፈያ ቁጥር 26.5 ነው፣ ብታካፍለው 8 ሺህ ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ 25.5 ይሆናል። የቀረው 204 ሺህ ምንም ሳያተርፍ ቢቆይ እንኳ ያው 8 ሺህ ነው። 80 ስሞላ 20.2 ይሆናል። ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር የማወጣው ድርሻም ያድጋል ማለት ነው። አላወጣም ብል ካላወጣሁት ላይ 25 ከመቶ ቅጣት አለው። የመጀመሪያውን እስከ መጪው ኤፕሪል 1 ማቆየት ይቻላል፣ ግን ያኔ የሁለት ዓመቱ ባንድ ዓመት ገቢ ላይ ይደረብብኛል። ስለዚህ ዘንድሮውኑ አወጣለሁ።

አሁን ያንተን ሐሳብ እንየው። ሁሉንም ባወጣ 212 ሺው በሙሉ የዘንድሮ ገቢዬ ይባላል። እስከ ዛሬ ታክስ ያልነካው የመንግሥት ጡረታዬ፣ ሶሻል ሴኩሪቲዬ፣ ደግሞ እስከ 85 ከመቶው ድረስ ይታከላል። ታክስ ከሚሠራልን ልጅ ጋር ተቀምጠን ደመርነው። ለፌደራሉ ብቻ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ። ከ40 ሺህ በላይ፣ ልጄ! ስንት ሺህ አልጋ አንጥፌ ነው ያን ያገኘሁት? ከሁለት ዓመት በኋላም የሜዲኬር፣ የሕክምና መድኔ፣ ክፍያ በዚያ ገቢ ተሰልቶ ይወደዳል። በየዓመቱ 10 ሺህ ብቻ ባወጣስ? በወር ከማገኘው 1,650 ሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ተደምሮ የፌደራል ታክሱ ዜሮ ነው። አላመንኩም፣ ሁለት ጊዜ አስደመርኩት።

ስለዚህ ደመወዝ አደርገዋለሁ። በየወሩ 833 ዶላር ባንክ ይገባልኛል፣ የኪራይ ጭማሪውን ይሸፍናል፣ አንተን አላስቸግርም። ለቤተክርስቲያን የምሰጠውም ከሒሳቡ በቀጥታ ወደዚሁ ወደ ደብራችን ከተላከ ከ8 ሺው ላይ ይታሰብልኛል፣ ገቢም ተብሎ አይቆጠርብኝም። አገር ቤት ለሚሠራው ደብር የምልከው ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ እሱን ከደመወዜ እልካለሁ።

አዲስ አበባ ቤት ጠልቼ እንዳይመስልህ። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል። ግን የምኖረው እዚህ ነው፣ ሐኪሜም መድኃኒቴም እዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ሒሳቡ ላይ ወራሽ በሚለው ቦታ እስከ ዛሬ ያለው የአባትህ ስም ነው። ኑዛዜ ብጽፍ እንኳ የሚረታው ያ ፎርም ነው አሉኝ። ገንዘቡ ላንተ ሲደርስ በ10 ዓመት ውስጥ አውጥተህ መጨረስ አለብህ፣ ታክሱም ካንተ ደመወዝ ጋር እየተደመረ ነው። ከ8 ሺው አልፌ 10 የማወጣውም ለዚህ ጭምር ነው። እኔ ሳወጣው ታክስ የማይነካው፣ አንተ ስታወጣው ይከፈልበታል።

ፎርሙን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት ሁለት ሳምንት ሆነው። የሱን ስም መሰረዝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቅዳሜ ስትመጣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን ይዘህልኝ ና። አንተ ትጽፈዋለህ፣ እኔ እፈርማለሁ።

እናትህ