ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ መንጋጋሽ

ልጄ፣

በስልክ ስጀምረው «አባዬ ደግሞ!» ብለሽ ስለምትስቂብኝ ነው በወረቀት የያዝኩሽ። ጅማ የጥርስ ሕክምና አብራሽ የምትማረው የክፍል ጓደኛሽ ለገና መጥታ እኛ ቤት ጎራ ብላ ነበር። እናትሽን ታውቂያታለሽ፣ ቡና አፍልታ የማታወጣጣው ወሬ የለም። ሁለት ነገር ሰማን። ማታ ማታ ጥርስሽን ስታፋጪ ዶርሙ አይተኛም አሉ። ባለፈው ወር ደግሞ ጠዋት ስትነሺ አፍሽ አልከፈት ብሎሽ ቁርስ ሳትቀምሺ ክፍል ገብተሻል። ሦስተኛውን ስሸኛት በር ላይ ነው የነገረችኝ፤ «ብሬስ ባደርግ ይስተካከልልኛል» ብለሽ ለዚያ ለጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ገንዘብ እያጠራቀምሽ ነው።

ልጄ፣ የማይመለስ ነገር በችኮላ አትጀምሪ።

እንዲህ ስል መምህሬ ማን ሆነና? ለፋሲካ መጥተሽ ሌባ ጣቴን ጆሮዬ ፊት አስቀምጠሽ «ክፈት፣ ዝጋ» አልሽኝ። አጥንቱ መጀመሪያ ባለበት ይዞራል፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ በመካከሉ እንደ ትራስ ያለች ቀጭን ዲስክ አለች፤ እሷ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስትመለስ ነው ቋ የሚለው አልሽኝ። የእኔም ቋ ሲል ደነገጥኩ። «ካላመመህና አፍህ በደንብ ከተከፈተ ተወው፣ ድምፅ ብቻውን አይታከምም» አልሽ። ብሬስ ጥርስ ይደረድራል እንጂ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም አያመጣም፣ አያድንምም ያልሽውም አንቺው ነሽ። ታዲያ ለራስሽ ሲሆን ትምህርቱ የት ገባ?

የዚያን የጆሮ ሐኪም ነገርም ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ። ኮስተን በ1934 እ.ኤ.አ. የኋላ ጥርስ ሲጎድል መንጋጋ ወደ ኋላ ተጭኖ ጆሮ ያሳምማል ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ንክሻ ይስተካከላል እየተባለ የስንቱ ደህና ጥርስ ተሞረደ። (አንግል የሚሉት የጥርስ ሐኪም የጥርስ ማስተካከያ ትምህርት ቤቱን በ1900 እ.ኤ.አ. የከፈተው፣ ኮስተንም ያከም የነበረው እዚያው አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ መሆኑ ይገርመኛል። የታሪክ መምህር ጡረታ ቢወጣም አይተወው።) በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲስኳን አውጥተው ቴፍሎን የሚባል ፕላስቲክ ያለበት ምትክ አስገቡ፤ እሱም እየተፈረካከሰ የሰዎቹን አጥንት በላው። የተሞረደ አይበቅልም፣ ልጄ። የወጣ አይመለስም።

እናትሽ በግራ በኩል ሁለት ጥርስ የላትም። አንቺ ሳትወለጂ ጆሮዋ ሥር እያመማት ሄደን «መንጋጋዬን» አለች። በእኛ ቋንቋ መንጋጋ አጥንቱም ነው፣ የኋላ ጥርሱም ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ሰማ። ነቀለው፤ ሕመሙ አልተወም። የጎኑንም ነቀለው። በጥጥ ጠቅልለው ሰጡኝና ቤት ወስጄ በብርሃን አገላበጥኳቸው፤ አንድ ቀዳዳ የላቸውም። እሷን ግን ብርድ ሲመጣ እስከ ዛሬ ያማታል። እና ታካሚ መንጋጋዬን ሲልሽ ቃሉን አትመኚው፣ በጣቱ ነክቶ ያሳይሽ።

የወንድምሽን ነገር ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። የስምንት ወር ልጅ ሳለ ትኩሳትና ተቅማጥ ያዘው። አያትሽ ድዱን ገልጣ ነጭ እብጠት አየችና «ግግ ነው፣ ካልወጣ ልጁ ይሞታል» አለች። ግግ የምታወጣዋ ሴትዮ የተሳለ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይዛ መጣች። መብራት ጠፍቶ ነበር። ባትሪ ይዤ ያበራሁላት እኔ ነኝ፤ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር! «ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለችኝ፣ ዝቅ አደረግሁት። ያወጣችው የክራንቻ ጥርሱን እንቡጥ ነው፤ የቋሚው ጥርስ ዘርም እዚያው ሥሩ ነበር። ልጁ ሲያድግ በግራ በኩል ክራንቻው ሳይወጣ ቀረ፣ የቀኙ ጎብጦ ወጣ። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ዓይን አፋር ስለሆነ ይመስልሽ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ሆነሽ እዚሁ ሳሎን አፉን ከፍተሽ አየሽና ዝም አልሽ። ከዚያ እኔን ቀና ብለሽ ሳታዪኝ እጅሽን ልትታጠቢ ወጣሽ። ማወቅሽን ያኔ አወቅሁ።

ብሬስ ካስፈለገስ ለእሱ ነው። ክፍተቱ ይዘጋ ወይስ ተከፍቶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይግባበት ያልሽውን መምህሮችሽን ጠይቂልኝ። ወጪው የእኔ ነው፤ ያንቺን ብር አትንኪ።

አሁን አድምጪኝ። ጓደኛሽ ይዛልሽ የመጣችው በሶና የአጥሚት እህል ነው። ቆሎ ያልላክሁት ረስቼ አይደለም። ለሁለት ሳምንት ፍትፍት፣ ገንፎ፣ ለስላሳ ነገር ብዪ። ማስቲካ ተዪ። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭሽ ላይ ያዢ። አገጭሽን በእጅሽ ደግፈሽ አታጥኚ። ስታነቢ ከንፈርሽ ይግጠም እንጂ ጥርስሽ አይነካካ። ለፈተና ብለው አንድ ጉንጭ ጫት ወጥረው የሚያድሩትን ልጆች ሰምቻለሁ፤ አንቺ አታደርጊውም ብዬ አልፌዋለሁ፣ ካደረግሽው ግን ጅማ ድረስ እመጣለሁ። ማታ ጥርስ ላይ የሚደረገውን መከላከያ፣ ናይት ጋርዱን፣ ቢያሠሩልሽ አልከፋም፣ እሱ ይወልቃል፤ ካልበጀሽ መሳቢያ ውስጥ ትጥይዋለሽ። ቢቆለፍብሽ ደግሞ በጉልበት አትክፈቺው፤ የዚያኑ ቀን ለመምህርሽ አሳዪ። የሚነቀል፣ የሚሞረድ፣ የሚቆረጥ ነገር ግን ቢመክሩሽም ሌላ ሐኪም ሳትጠይቂ እሺ አትበዪ። እናቴ፣ የማይመለሰውን አትጀምሪ።

እናትሽ «ብርድ ልብሱ ደርሷት እንደሆነ ጠይቅ» ትላለች። ጠይቄያለሁ።

ይህን እንዳነበብሽ ሦስት ጣትሽን ደርድረሽ በቁመት ከላይኛውና ከታችኛው የፊት ጥርስሽ መካከል አስገቢ፣ እኔን እንዳደረግሽኝ። ስንት እንደገባ በቴሌግራም ላኪልኝ። ሌላ ነገር መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ሁለት ወይም ሦስት በይኝ።

አባትሽ