ከጥዱ ሥር መኪና አናቁም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እሁድ ቤተሰቤን ይዤ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ ነበር። የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እዚያ ቆሞ ላየው ግን ትንሽ አይደለም።

በሰበታ በኩል ሲኬድ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንቹ ይጀምራል። መንገዱ ጠባብ ነው። ያን ቀን በግራም በቀኝም መኪና ተደርድሮበታል። ድንች በማዳበሪያ የጫኑ ሁለት አህዮች የምትነዳ እናት መሀል ላይ ቆማለች፤ ጭነቱ ስለሚሰፋ አህዮቹ በመኪኖቹ መሀል አያልፉም። ባለመኪናዎቹ ጫካ ገብተዋል፣ ማን ያንሳላት? በኋላ የሰፈሩ ልጆች ተባብረው ማዳበሪያውን አወረዱላትና በሸክም አሳለፉላት። መንገዱ እኮ የእሷ ነው። እኛ የአንድ ቀን እንግዶች ነን።

ውስጥ ያየሁት ደግሞ ይብሳል። አንድ ጥድ አለ፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው። አንድ አውቶቡስ የኋላ ጎማውን ሥሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል፣ እንዳይንሸራተትም ድንጋይ ተደግፎለታል። የኋላው ብረት ግንዱን ልጦታል። የጥድ ልጥ በራሱም ጊዜ እንደ ገመድ ይተለተላል፣ ይሄኛው ግን እስከ እርጥቡ ድረስ ነው የተላጠው፤ በእጄ ነካሁት፣ ያጣብቃል። ዙሪያው ሣር የሚባል የለም። መሬቱ ደድሮ አስፋልት መስሏል፣ ጥቁር ዘይት ጠብ ጠብ ብሎበታል።

አፈር በጎማ ሲጠቀጠቅ ውሃም አየርም አያስገባም። ዛፉ ውሃና ምግቡን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች ደግሞ አብዛኞቹ ያሉት ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥዱ ዛሬ አይወድቅም። ቀስ እያለ ከጫፉ ይደርቃል፣ ያኔ ጎማውን የሚያስታውስ አይኖርም። ከሥሩ የሚበቅለው ችግኝማ ገና ከመሬት ቀና ሳይል ይደፈጠጣል።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ደን ነው ይባላል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ሁሉ ሲጨፈጨፍ ይሄ ተረፈ። ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላው፣ ይህ ሁሉ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ሁሉ መጥረቢያ የተረፈ ዛፍ በእኛ መኪና ይሙት?

እኔ የምለው፣ መኪና ከደኑ በታች ሜዳ ላይ ይቁም፤ ከዚያ በእግር ይገባ። የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው ይጠብቁት፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደምናየው በደረሰኝ ያስከፍሉ። እኔ በደስታ እከፍላለሁ። ሰው የሚመጣው ጥድ ሊያሸት፣ ወፍ ሊሰማ ነው፤ የመኪናውን በር ከፍቶ ዘፈን የሚለቅ ጎረቤት አጠገቡ ካለ ምኑን ሰማው? ድኩላስ እንዴት ብሎ ይውጣ?

አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያን ቀን ይዣቸው የገባሁት በመኪና ነው፤ ከታች ቁም ብባል እሳቸው ደኑን አያዩትም ነበር። ስለዚህ መኪና በጭራሽ አይግባ አልልም። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይግባ፣ ለእነሱ ከዛፍ ራቅ ያለ ጥቂት ቦታ በድንጋይ ተከልሎ ይለይላቸው። ወይም አንዲት ሚኒባስ ከታች እያመላለሰች ታድርሳቸው። ያቺው ሚኒባስ ቅዳሜና እሁድ ከሰበታ ብትነሳ ደግሞ መኪና የሌለውም ወጣት ደኑን ያያል፤ አሁን እኮ እስከ ሰበታ በታክሲ ይመጣና ከዚያ ወዲያ የሚያደርሰው ያጣል።

ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስድ ይሆናል። ያንን ጥድ ዙሪያውን በድንጋይ መከለል ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ መስከረም ጠብቶ ሰው በአውቶቡስ መጉረፍ ሳይጀምር ይደረስበት። ደኑን የሚያስተዳድሩት ከፈቀዱልን ድንጋዩን እኔና ልጆቼ መጥተን እንሸከማለን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ