ምክንያቱን አትንገሪያቸው

ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከጥምቀት ወዲህ ብርዱ በርትቷል፤ የጦሳ ተራራም እስከ ረፋድ ድረስ ጉሙን አይገልጥም። እናትሽ ለነገዋ አስተርእዮ ማርያም ዝክር ድፎውን አቡክታ ስታበቃ፣ እጇን ሳትታጠብ ቁጭ ብላ «እሷ ዛሬ ምን በልታ ይሆን?» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ቸግሮኝ ወደዚህ ወረቀት መጣሁ።

በስልክ ያልነገርሁሽ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። በቃል ብናገረው እንደምቆጣ ስለማውቅ ነው። ትናንት ማታ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ጎረቤታችን እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ በኩል ዞሮ፣ ጭነቱን ኮምቦልቻ አራግፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ ገና መድረሱ ነው። በአፋር፣ በምድር መናወጡ ለተፈናቀሉት ርዳታ የምታድሉበት መጠለያ ድረስ ሄዶ እንዳገኘሽ፣ ጤነኛ እንደ ሆንሽ፣ ፀሐዩ ፊትሽን እንዳጠቆረው ሲነግረን እናትሽ ደስ ብሏት ቡና አፈላች። እሷ ስኒውን ልታጥብ ስትወጣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ነገረኝ። ዱቄቱና ዘይቱ ከመታደሉ በፊት ከእናንተ ከተራድኦው ሠራተኞች መካከል አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ይቆማል፤ ምድር የተናወጠችው በሕዝቡ ኃጢአት መሆኑን ያስተምራል፤ ሕዝቡም እሱ እስኪጨርስ በፀሐይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሰልፉ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም መዝገቡን ታቅፈሽ አጠገቡ ቆመሽ ነበር አለኝ። ሾፌሩ ሙስሊም ነው፤ በአንድ ግቢ አብሮሽ ያደገ ወንድምሽ ነውና ሊከስሽ ብሎ አልነገረኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። ያየው ከእውነቱ የተለየ እንደ ሆነ አንቺ አርሚኝ። ልክ ከሆነ ግን ይህን ስሚኝ፤ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ለምን እንደ ፈረሰበት አትንገሪው።

የመምህር ልጅ ነሽና ነገሩን ከሥሩ ታውቂዋለሽ። የስምጥ ሸለቆን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምድር እንዴት እንደምትናወጥ ከጠየቁሽ፣ ቀስ ብለሽ በሚገባቸው ቋንቋ አስረጂያቸው። አፋር ሦስት የምድር ቅርፊት ክፍሎች የሚለያዩበት ምድር መሆኑን፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከሥር ዐለቱን እየሰነጠቀ መግባቱን፣ ከመስከረም ጀምሮ ሲነቀንቃቸው የከረመውና ታኅሣሥ 26 ሌሊት በሬክተር ስኬል 5.8 ገደማ የደረሰው ከዚሁ የመጣ መሆኑን ንገሪያቸው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በዚያው በአፋር፣ በዳባሁ በኩል፣ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቃ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍታለች። ይህ «እንዴት» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሰውን ፍርሃቱን ይቀንስለታል፤ የት መተኛት እንዳለበትም እንዲያውቅ ይረዳዋል። «ለምን እኔን?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የእሱ መልስ በአንቺም ሆነ በዚያ ድምፅ ማጉያ በያዘው ልጅ እጅ የለም።

አያትሽ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ እንደ ነበሩ ታውቂያለሽ። በዚያ ግንቦት ካራቆሬ ላይ የተነሣው መናወጥ ማጀቴን አፈራርሶ፣ እኛን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መንገድ ሰነጣጥቆ ነበር። ያንን መናወጥ ካጠኑት አንዱ፣ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋመው ካናዳዊው ፒየር ጉዌን፣ ካህን ነበር። ካህን ሆኖ ሳለ የጻፈው የፈረሰውን ቤትና የተሰነጠቀውን መንገድ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው ያለፍሁበት ዓመት የለም። አያትሽ ግን ስለዚያ ወር ሲያወሩ ስለ ንፍሮ ነበር የሚያወሩት። ሰው ሁሉ ደጅ በሚያድርበት በዚያ ሰሞን፣ ሴቶቹ ያለውን ስንዴና ባቄላ ሰብስበው በአንድ ትልቅ ድስት ይቀቅሉ ነበር። ሥጋ ቢሆን ማን እንደ ባረከው መጠየቅ ይመጣል፤ ንፍሮ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ገበታ ያነሣዋል። ያ ንፍሮ ጨው አጥቶ እንደ ነበር እንኳ ያስታውሱ ነበር። እናንተም የታሸገ ሥጋ ቢላክላችሁ ወደ መጠለያው አታስገቡት። ባቄላ፣ ምስርና ዘይት በቂ ነው፤ ለዚህ ስብሰባ አያስፈልገውም።

ያ ወጣት ነነዌን ሊጠቅስ እንደሚችል አስባለሁ፤ ጾመ ነነዌም የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። እንግዲያው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ንገሪው። ዮናስ የሰበከው ከጥፋት በፊት ነው፤ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ፣ ልጁን ለቀበረ ሰው አልሰበከም። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተናገረው ስለ ቁጣው ሳይሆን ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩት ከመቶ ሃያ ሺህ ስለሚበልጡት ሰዎችና ስለ ከብቶቻቸው ነበር። ከብቶቻቸውን እንኳ አልረሳም። የአፋር ሰው ግመሉንና ፍየሉን ጥሎ ከመንደሩ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ከዚያ ቃል በላይ የሚናገር አላየሁም። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጌታ ጠይቆ ራሱ የመለሰውንም ያንብብ። በ1755 እ.ኤ.አ. ሊዝበን የተናወጠችው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ምእመናን ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተው ሳለ ነው፤ ብዙዎቹም እዚያው ሞተዋል። እነዚያ ለጸሎት የቆሙ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ለማንም፣ ለእናትሽም እንኳ፣ ያልነገርሁትን ልንገርሽ። በ1977 ዓ.ም. ባቲ በነበረው መጠለያ እንደ ሠራሁ ታውቂያለሽ፤ ከዚያ በላይ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም አላወራሁልሽም። ሃያ ዓመቴ ነበር። እኔም እንደ አንቺ በአንድ ክርስቲያናዊ ተራድኦ ውስጥ መዝገብ ያዥ ነበርሁ። አራት ሰልፍ ነበረን፤ ሁለተኛው የእኔ ነው። አንዲት ሴት በየሳምንቱ በእኔ ሰልፍ ትመጣለች። የራሽን ካርዷን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ላብና አቧራ ጠርዙን በልቶት ቁጥሩ ሊነበብ አይችልም ነበር፤ እኔ ግን ፊቷን ስለማውቀው ቁጥሩን ሳላይ እጽፍላት ነበር። ጀርባዋ ላይ አንድ ሕፃን በነጠላ አዝላለች፤ እግሩ ከነጠላው ወጥቶ ይወዛወዛል፤ ቁርጭምጭሚቱ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። አንድ ቀን ስንዴው እየተሰፈረላት «ልጄ፣ ምን በድለን ነው?» አለችኝ። መጠየቋ አልነበረም፤ ሰው ሲተነፍስ እንደሚለው ነው ያለችው። እኔ ግን በዚያው እሑድ የሰማሁት ስብከት ከአፌ ላይ ነበርና «ኃጢአታችን ነው እናቴ፤ ንስሐ መግባት ነው» አልኋት። ዞር ብላ ሕፃኑን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ «እሱስ?» አለችኝ። የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።

ስንዴዋን ይዛ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን በእኔ ሰልፍ አልመጣችም። በአራተኛው ሰልፍ፣ ረጅም በሆነውና ጥላ በሌለው፣ ቆማ አየኋት። በሳምንቱም እዚያው ነበረች፤ በሌላውም ሳምንት። እኔ ጋ ሰልፉ አጥሮ ሳለ እሷ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ሃያ እርምጃ ያህል ነበር የሚለየን። ተነሥቼ ሄጄ «እናቴ፣ በድያለሁ፤ የማላውቀውን ነው የተናገርሁት» ማለት እችል ነበር፤ መዝገቡን ለጓደኛዬ ሰጥቼ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። አልሄድሁም። ከፋሲካ በኋላ በአራተኛውም ሰልፍ አጣኋት። ወደ አገሯ ተመልሳ ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሆነኝ፤ በባቲ ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔ ሰልፍ ይፈልጋል።

ስለዚህ ነው ምክንያቱን አትንገሪያቸው የምልሽ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእሱ ጋር መሬት ላይ ሲቀመጡ ደኅና ወዳጆች ነበሩ፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው።

እምነትሽን ደብቂ እንዳላልሁሽ ደግሞ ልብ በይ። መስቀልሽን ከአንገትሽ አታውልቂ፤ ጸሎትሽን በሰዓቱ አድርሺ። ለምን መጣሽ ብለው ከጠየቁሽ «ክርስቲያን ስለ ሆንሁ ነው» በያቸውና እዚያ ላይ አቁሚ። ጸልዪልን ያለሽ ሰው ካለ አብረሽው ጸልዪ፤ ያላለሽን አታስገድጂ። ዱቄት የያዘ እጅ ሲሰብክ የሚሰማው ሰው እሺ ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? የሚሰጥሽ «አሜን» የራብ አሜን ነው፤ እግዚአብሔርም ይህን ይለያል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት በጦርነቱ እኛ ራሳችን ከደሴ በወጣንባት ሌሊት ፍራሹን ያነጠፈልን ሰው ምን እንዳልጠየቀን አንቺም ታስታውሻለሽ።

ያ በስልክ የነገርሽኝ ሽማግሌ፣ ሸራውን ከመቀበላቸው በፊት ቂብላ በየት በኩል እንደ ሆነ የጠየቁት፣ ከልቤ አልወጡም። ቤታቸው ፈርሶ፣ አገራቸውን ጥለው፣ መጀመሪያ የፈለጉት የሚሰግዱበትን አቅጣጫ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እምነት ልናስተምረው ስንሞክር ልናፍር ይገባናል። አጠገባቸው ቁጭ በይ። አፋር እርስ በርሱ ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ፣ የመንገዱን፣ የዝናቡን፣ የከብቱን ወሬ ሳይጠያየቅ ወደ ሌላ ጉዳይ አይገባም። አንቺም መዝገቡን ከመግለጥሽ በፊት ዳጉውን ስሚ። ስንት ፍየል ቀረ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተለየ ብለሽ ጠይቂ።

ስለ ራስሽ ደግሞ የምልሽን በጥብቅ ያዢ። በተሰነጠቀ ግንብ ሥር አትደሪ፤ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ የእንግዳ ማረፊያም ቢሆን፣ አለቃሽ ቢያዝሽም አትደሪ። ሸራ ውስጥ ተኚ። ጫማሽንና ባትሪሽን ከራስጌሽ አትለዪ። መሬት የተሰነጠቀበትን ወይም እንፋሎት የሚወጣበትን ቦታ ለማየት የሚሄዱ ጓደኞችሽን አትከተዪ። አጎበር ሳትዘረጊ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ፤ የዚያ አገር ወባ የደሴን ልጅ አይምርም። ውኃ አፍልተሽ ጠጪ። ሚዛኑ ሕዝቡ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ፤ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ሰልፍ አይጠብቁ።

ከዚያ ወጣት ጋር ግን በሰው ፊት አትጣዪ። ለብቻው ጠርተሽ ንገሪው፤ እኔም በዕድሜው እንዲሁ ነበርሁ፤ ክፉ ልጅ ላይሆን ይችላል። ካልሰማሽ ለኃላፊያችሁ ንገሪ። እሱም ካልሰማሽ መዝገቡን አስረክበሽ ሌላ ሥራ ያዢ፤ ድስት ማጠብም ቢሆን። በምንም መንገድ ከዚያ ድምፅ ማጉያ አጠገብ መዝገብ ይዘሽ እንዳትቆሚ። ቆመሽ ዝም ብትዪም እንደ ተናገርሽ ይቆጠራል። በድጋሚ እልሻለሁ፤ ለምን እንደ ሆነ አትንገሪያቸው፤ በአንቺ ፊትም ሲነገራቸው አትቁሚ።

ከአንቺ ሰልፍ ወጥታ ጥላ ወደሌለው ሰልፍ የሄደች ሴት ካለችም፣ ያን ዕለት ሳይመሽ ሄደሽ አናግሪያት።

ሾፌሩ ሐሙስ ይነሣል። በሶ፣ ድርቆሽና በርበሬ በእሱ እጅ ልከንልሻል፤ ጋቢውም የእኔ ነው፤ ሌሊት ያስፈልግሻል። በርበሬው ያለበትን ጣሳ እናትሽ ስለምትፈልገው ባዶውን መልሺላት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልክ ሞክሪ፤ እኔን ሳይሆን እሷን አስቀድመሽ አናግሪያት። አብሽሪ የእኔ እናት፤ ተቆጥቼሻለሁ እንጂ አልጠላሁሽም። ድንግል ማርያም ትጠብቅሽ።

አባትሽ